የርቀት ዋጋ፦ ቀስተኛና ባለጎራዴ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም በ2014 ከወጣ ጀምሮ በተጫዋቾች ዘንድ ሳይቋጭ የኖረ አንድ ክርክር አለ። ከሩቅ ሆኖ የሚተኩሰው ቀስተኛ፣ ጎራዴ መዝዞ ጠላቱን ፊት ለፊት ከሚገጥመው ተዋጊ ለምን ይበልጣል? በ2024 የወጣው የተሻሻለው የተጫዋቾች መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። የመልሱ ግማሽ ትክክል ነው። ሌላው ግማሽ ግን የችግሩን ሥር ሳይነካ አልፎታል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም እሱ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ የጨዋታ መሪ ነው፤ ዋሻውን፣ ጭራቁን፣ መንደርተኛውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ። ውጊያ ሲነሳ ሁሉም በየተራው ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ ተራ አብዛኛው ተዋጊ 30 ጫማ ይራመድና ይመታል። ለመምታት ባለ20 ገጽ ዳይስ ተወርውሮ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ይደመርበታል። ድምሩ የጠላትን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ምቱ አረፈ ማለት ነው። ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሌላ ዳይስ ይወስነዋል።

እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ ርቀት ራሱ ሀብት ነው። ረጅሙ ቀስት 150 ጫማ ድረስ ያለ ችግር፣ እስከ 600 ጫማ ደግሞ በችግር ይደርሳል። 150 ጫማ ርቆ የቆመ ጭራቅ ቀስተኛው ዘንድ እስኪደርስ ምንም ሳይመታ ሁለት ተራ ሙሉ መሮጥ አለበት፤ በሦስተኛው ነው የሚደርሰው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚተኩሰው ቀስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የውጊያ ሕግ ሲጻፍ ለርቀት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል መወሰን ግድ ይሆንበታል። የቀስተኛና የባለጎራዴ ሚዛን ታሪክ የዚህ ዋጋ ታሪክ ነው።

ድሮ ዋጋው ከባድ ነበር። ጨዋታው የበቀለው ከጦርነት ጨዋታ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ያወጡት ቼይንሜይል ትናንሽ የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ እያሰለፈ የሚያዋጋ ሕግ ነበር። ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጣ ያ የጦር ሜዳ አስተሳሰብ አብሮት መጣ። የመሣሪያ ርቀት በኢንች ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ኢንች በዋሻ ውስጥ 10 ጫማ፣ በሜዳ ላይ ግን 10 ያርድ ነበር። ያው ቀስት ውጭ ሲሆን ሦስት እጥፍ ይደርሳል፣ ዋሻ ሲገባ ያጥራል። በ1979 የወጣው የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። ጓደኞችህ ከጠላት ጋር ተያይዘው እየተዋጉ ወደ መሐላቸው ከተኮስክ፣ ፍላጻው ማንን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው። ጓደኛህ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕግ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን ቀስተኛውን ከመተኮሱ በፊት ያሳስበዋል፣ ባለጎራዴውንም ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ እንዲያይ ያደርገዋል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ መዋጋት አይችሉም ነበር።

በ2000 የወጣው 3ኛ እትም ዕጣውን አስወግዶ ቁጥር ተካበት። ከጓደኛህ ጋር ወደተያያዘ ጠላት ስትተኩስ ከዳይስህ ላይ 4 ይቀነሳል። በ2003ቱ ማሻሻያ ደግሞ በመካከል የቆመ ሰው ለጠላት የ4 ነጥብ ከለላ ይሰጣል። ከእነዚህ ገደቦች ነፃ መውጣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ደረጃ በደረጃ ነበር። ከለላን ጨርሶ ችላ ለማለት ሁለት ልዩ ችሎታዎችን አስቀድሞ መያዝ፣ 19 ቅልጥፍና ማሟላትና የማጥቃት ቁጥርን 11 ማድረስ ያስፈልግ ነበር። ለተዋጊ ይህ ቢያንስ 11ኛ ደረጃ ማለት ነው። ብዙ የጨዋታ ቡድን ወራት ተጫውቶ የሚደርስበት ወይም ጭራሽ የማይደርስበት ቦታ ነው። በዚያ እትም ባለጎራዴው የራሱ በደል እንደነበረበትም መካድ አይገባም። በአንድ ተራ ሁለትና ሦስት ጊዜ ለመምታት ከ5 ጫማ በላይ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ቀስተኛው ግን ባለበት ቆሞ ሁልጊዜ ሙሉ ምቱን ይሰነዝራል።

2014 ሲመጣ ያ የባለጎራዴ በደል ተነሳለት። እየተራመደ የፈለገውን ያህል መምታት ቻለ። ለቀስተኛው ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ስጦታ ተሰጠው፤ ሻርፕሹተር የሚባል አንድ ልዩ ችሎታ። ይህ ችሎታ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሰጣል። ከሩቅ መተኮስ የሚያስከትለው ችግር ይቀራል፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ ከለላ ዋጋ ያጣል፣ ከዳይስ ላይ 5 ቀንሶ ጉዳት ላይ 10 መጨመር ይፈቀዳል። ክሮስቦው ኤክስፐርት የሚባለው ሌላው ችሎታ ደግሞ ጠላት አፍንጫው ሥር ደርሶ ሲቆም ቀስተኛው የሚደርስበትን እንቅፋት ያነሳለታል። 3ኛው እትም በ11ኛ ደረጃ ይሰጠው የነበረው ነፃነት በ4ኛ ደረጃ፣ ለአንዳንድ ሰብአዊ ገጸ ባሕርያት እንዲያውም በ1ኛ ደረጃ ተገኘ።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው። ሁለት 5ኛ ደረጃ ተዋጊዎች አሉ። የአንዱ ጉልበት፣ የሌላው ቅልጥፍና 18 ነው፤ ሁለቱም በየመሣሪያቸው ሥልጠናና ልዩ ችሎታ ይዘዋል፤ ጠላታቸው የመከላከያ ቁጥሩ 15 ነው። በድንገት የሚመጣውን እጥፍ ጉዳት ከሒሳቡ እንተወው። ባለጎራዴው ትልቁን የሁለት እጅ ጎራዴ ይዞ፣ ግሬት ዌፐን ማስተር የሚሰጠውን 5 ቀንሶ 10 የመጨመር መብት ሲጠቀም፣ ከመቶ 40 ጊዜ ያገኛል፤ ባገኘ ቁጥር በአማካይ ከ22 ጥቂት የሚበልጥ ጉዳት ያደርሳል። በአንድ ምት በአማካይ 8.9 ይሆናል። ቀስተኛው የቀስት ሥልጠናው ለማግኘት 2 ስለሚጨምርለት ያንኑ መብት ተጠቅሞ ከመቶ 50 ጊዜ ያገኛል፤ ጉዳቱ 18.5 ነው። በአማካይ 9.25። ትንሽ ናት፣ ግን በለጠ። ጎራዴው ሁለት ባለ6 ገጽ ዳይስ፣ ቀስቱ አንድ ባለ8 ገጽ ዳይስ መሆናቸው ከንቱ ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን ቀስተኛው ያንን ያደረገው 150 ጫማ ርቆ፣ ጓደኛው ከፊቱ ቆሞ እያለ፣ ምንም ሳይነካው ነው።

የመሣሪያው ነገር በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ቀስት የሚመራው በቅልጥፍና ነው፤ ቅልጥፍና ደግሞ በዚህ እትም የማይገባበት የለም። ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ይወስናል፣ የመከላከያ ቁጥር ላይ ይጨመራል፣ ከእሳት ኳስ ያስመልጣል፣ ተደብቆ ለመጓዝ ይረዳል። ጉልበት መውጣት፣ መግፋት፣ መሸከምና ከባድ ጥሩር መልበስ ላይ ይቀራል። ቀስተኛው ለመሣሪያው ብሎ በከፈለው ገንዘብ አራት ሌላ ዕቃ ተመርቆለት ይሄዳል።

ይህ ከታሪክም ጋር አይገጥምም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1545 ሰጠመች፤ በ1982 ከባሕር ወጣች። ከውስጧ ከ130 በላይ ረጃጅም ቀስቶችና ከ3,500 በላይ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። ቀስቶቹን የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኞቹን ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ ኃይል ይጠይቁ እንደነበር ገምተዋል። ያንን ቀስት የሚስብ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጀርባና ትከሻውን ያፈረጠመ ሰው ነበር። 3ኛው እትም ይህን ያውቅ ነበር፤ የተዋጊው ጉልበት ጉዳት ላይ እንዲደመር በተለይ የተሠራ ጠንካራ ቀስት መግዛት ይጠይቅ ነበር። 5ኛው እትም ግን ጉልበትን ከቀስት ጨርሶ ለየው። ጨዋታ ታሪክን መምሰል የለበትም የሚል ሰው አለ፤ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ታሪኩ ለሚዛን የሚበጅ ነገር ይዞ ነበር፣ ያም ተጣለ።

ልብ ወለዱስ ምን ይላል? የዚህ ጨዋታ ቅድመ አያት የሆነው የቶልኪን የቀለበቶቹ ጌታ ቀስተኛና ባለመጥረቢያ ጎን ለጎን የሚፎካከሩበትን ታዋቂ ውጊያ ይዟል። በሄልምስ ዲፕ ምሽግ ላይ ኤልፉ ሌጎላስና ድዋርፉ ጊምሊ የገደሉትን እየቆጠሩ ያድራሉ፤ በመጨረሻ ጊምሊ 42፣ ሌጎላስ 41 ይሆናል። ውጤቱን እንዲህ ያቀራረበው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። የሌጎላስ ፍላጻ አልቆ ነበር፤ ወደ ቢላዋ ተመለሰ፣ ሌላ ፍላጻ ፍለጋም ሄደ። በጨዋታው ሕግ መሠረት አንድ ሰገባ 20 ፍላጻ ይይዛል፣ ከውጊያ በኋላም ግማሹን ለቅሞ መመለስ ይቻላል። ሕጉ ዛሬም አለ። የሚቆጥር ቡድን ግን ጥቂት ነው፤ ፍላጻ ርካሽና ቀላል ስለሆነ መቁጠሩ ራስ ምታት ይመስላል። እንዲህ እያለ የርቀት ዋጋ በሕግ ብቻ ሳይሆን በልማድም እየተሸረሸረ ሄደ።

አሁን ወደ 2024። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2022 ለሙከራ ካወጣቸው ረቂቆች ጀምሮ 5 ቀንሶ 10 የመጨመሩን መብት ከሻርፕሹተርም ከግሬት ዌፐን ማስተርም አንስቶታል። በመጨረሻው መጽሐፍ ግሬት ዌፐን ማስተር በከባድ መሣሪያ የሚመታ ሰው በደረጃው የሚያድግ ትንሽ ተጨማሪ ጉዳት ይሰጠዋል፤ በ5ኛ ደረጃ 3 ነው። ትልቁ ጎራዴ ደግሞ ቢስትም እንኳ በጉልበቱ ልክ ጠላትን ይጭረዋል። ያንኑ ሒሳብ እንደገና ስንሠራ የጎራዴው አማካይ ወደ 11 ይወጣል። ቀስተኛው ከ6.4 ብዙም አያልፍም። ረጅሙ ቀስት ራሱ ከባድ መሣሪያ ስለሆነ፣ 13 ጉልበት ያለው ቀስተኛ ግሬት ዌፐን ማስተርን ለራሱ ቢወስድ ወደ 8.6 ይደርሳል። ያም ቢሆን ባለጎራዴው በግልጽ ይበልጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ፍርድ ተሰጥቷል፤ ለባለጎራዴው ተፈርዶለታል። ትክክለኛው ግማሽ የምለው ይህ ነው።

ግን ሻርፕሹተር አልጠፋም። ከሩቅ የመተኮስ ችግርን ማንሳቱ አለ። ከለላን ችላ ማለቱ አለ። ይባስ ብሎ አፍንጫ ሥር የቆመ ጠላት የሚያስከትለውን እንቅፋት ማስቀረትም ተጨምሮበታል፤ ድሮ ለዚያ ሌላ ችሎታ መግዛት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ላይ ረጅሙ ቀስት አሁን የመታውን ጠላት ፍጥነት በ10 ጫማ ይቀንሳል። ጉዳቱ ተቀነሰበት፣ ነፃነቱ ግን ተጨመረለት።

ይህ ለምን ስህተት እንደሆነ አንድ ውጊያ ያሳያል። ሦስት ዙር የሚቆይ ውጊያ እንውሰድ፤ ጠላት ከቦታው የማይነቃነቅ ጠንቋይ ነው። ሁለቱም ተዋጊዎች በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ጠንቋዩ 30 ጫማ ርቆ ከሆነ ባለጎራዴው በመጀመሪያው ተራ ይደርስበታል፤ በሦስት ዙር በአማካይ ወደ 67 ጉዳት ያደርሳል፣ በግሬት ዌፐን ማስተር የተጠናከረው ቀስተኛ ወደ 52። ጠንቋዩ 90 ጫማ ርቆ ከቆመ ግን ባለጎራዴው የመጀመሪያ ተራውን በሩጫ ይጨርሰዋል፤ ድምሩ ወደ 45 ይወርዳል። ቀስተኛው ያው 52 ላይ ነው። አንድም የሕግ መስመር ሳይለወጥ፣ የክፍሉ ስፋት ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው ተገለበጠ። ታዲያ ሚዛኑ ያለው መጽሐፉ ላይ ነው ወይስ ወለሉ ላይ?

ወለሉ ላይ ነው። ደራሲዎቹ ጉዳትን በጉዳት ለማመጣጠን ሲደክሙ የሳቱት ይህንን ነው። በጉዳት የሚከፈል ዋጋ ተጫዋቹ አያየውም፤ ቀስተኛው በአንድ ፍላጻ 3 ነጥብ ጎደለብኝ ብሎ የተለየ ውሳኔ አይወስንም፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ትንሽ ደከም አድርጎ ይሠራል። በቦታ የሚከፈል ዋጋ ግን ያንቀሳቅሰዋል። የተገለበጠ ጠረጴዛ ጀርባ የተደበቀ ጎብሊን ግማሽ ከለላ ሲኖረው፣ ማለትም የመከላከያ ቁጥሩ በ2 ሲጨምር፣ ሻርፕሹተር የሌለው ቀስተኛ አማራጮቹን ያስባል፤ ወደ ጎን ዞሮ ማዕዘን ይፈልጋል፣ ደረጃ ላይ ይወጣል፣ ወይም ባለጎራዴውን ጠረጴዛውን ግፋልኝ ይለዋል። ሻርፕሹተር ያለው ቀስተኛ ካለበት ይተኩሳል። ጠረጴዛው ቢኖርም ባይኖርም ለእሱ አንድ ነው። የጨዋታ መሪው ያን ክፍል ለመሳል ያጠፋው ጊዜ ከንቱ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ጥሩ ምሳሌ አለ። በአዲሱ ሕግ ትልቅ መዶሻ የያዘ ተዋጊ የመታውን ጠላት መሬት ላይ ሊዘርረው ይችላል። የተዘረረ ጠላትን በቅርብ ያለ ሰው በቀላሉ ይመታዋል፤ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ግን ሁለት ዳይስ ወርውሮ ዝቅተኛውን ይወስዳል። ባለመዶሻው ጓደኛውን ቀስተኛ ሳያስበው ያሰናክለዋል ማለት ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ከአዲሱ መጽሐፍ ምርጥ ነገሮች አንዱ ነው እላለሁ፤ ሁለቱ ተዋጊዎች ተራቸው ከመድረሱ በፊት አንተ ማንን ልትመታ ነው እንዲባባሉ ያስገድዳልና። የ1979ኙ ዕጣ ያደርገው የነበረውን ሥራ ያለ ጭካኔ ይሠራል።

ተወዳዳሪው ጨዋታ ፓዝፋይንደር በ2019 በወጣው 2ኛ እትሙ ሁለቱንም ዓይነት ዋጋ አጣምሯል። በጎራዴ የሚመታ ሰው ጉልበቱ በሙሉ ጉዳት ላይ ይደመርለታል፤ በተራ ቀስት የሚተኩስ ምንም አይደመርለትም፣ በጠንካራው ቀስት ደግሞ የጉልበቱ ግማሽ ብቻ። ረጅሙ ቀስት ከ30 ጫማ በታች ላለ ዒላማ ሲተኮስ 2 ይቀነስበታል፣ ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ አጭሩ ቀስት ይመረጣል። በመካከል የቆመ ሰው ለጠላት 1 ነጥብ ከለላ ይሰጣል። ትንሽ ነው፣ ግን በዚያ ጨዋታ 1 ነጥብ ዋጋ አለው። ቀስተኛው እዚያም ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን ቦታ በመምረጥ የሚገኝ ነው። ከሁለቱ ጨዋታዎች የቀስትን ነገር አስቦ የሠራው ይህኛው ነው ብል አላጋነንኩም።

በ2024ቱ ሕግ ወገን የሚሰጠው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። መሳት ያሰለቻል፤ ጓደኛህ በመሐል ስለቆመ ብቻ ፍላጻህ ሲባክን ማየት ማንንም አያስደስትም፤ ስለዚህ ነፃነቱን ስጥ፣ ጉዳቱን ቀንስ። አመክንዮው ይገባኛል። ነገር ግን የሚያሰለቸው መሳቱ ራሱ አይደለም፤ ምንም ማድረግ የማይቻልበት መሳት ነው። ከለላ መፍትሔ አለው፣ መንቀሳቀስ። በልዩ ችሎታ ሲነሳ መሰልቸቱ ብቻ ሳይሆን መፍትሔ የመፈለጉ ደስታም አብሮ ይነሳል።

ጭራቆቹም የዚሁ ሰለባ ናቸው። በ2014ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ታራስክ የተባለው ከሁሉ የገዘፈው አውሬ ከሩቅ የሚመታበት አንድም ነገር አልነበረውም፤ የሚበር ቀስተኛ አስማታዊ ቀስት ይዞ በሰላም ሊጨርሰው ይችል ነበር። በ2025 የወጣው መጽሐፍ ለአውሬው 150 ጫማ የሚደርስ ነጎድጓዳማ ጩኸት ሰጠው። ጥሩ እርማት ነው። ሆኖም ሻርፕሹተር የያዘ ቀስተኛ ረጅሙን ቀስት እስከ 600 ጫማ ያለ ችግር ይተኩሳል። ጩኸቱ ከሚደርስበት አራት እጥፍ ርቆ መቆም ይችላል። እርማቱ በአንድ እጅ ሲሰጥ በሌላ እጅ ተወሰደ።

የጨዋታ መሪ ለሆናችሁ አንባቢዎች የምለው ይህን ነው። የቀስተኛውን ጉዳት አትንኩበት፤ በቂ ተቀንሶበታል፣ ጥቂት ብትጨምሩለትም አይጎዳም። ሻርፕሹተር ከሚሰጠው ውስጥ ከለላን ችላ የማለቱን መብት ግን እንደ ጥንቱ እስከ 11ኛ ደረጃ አቆዩት፤ ይህንንም ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ለተጫዋቾቻችሁ ንገሯቸው፣ መሐል ላይ የሚነጠቅ ችሎታ ቅሬታ ያተርፋልና። ፍላጻ ይቆጠር። ክፍሎቻችሁን አንዱን 30፣ ሌላውን 90 ጫማ አድርጉ፣ በየክፍሉም ቢያንስ አንድ የሚደበቁበት ነገር አስቀምጡ።